ወለምታ፦ የቁርጭምጭሚት ጅማት ጉዳት የምርመራና የሕክምና ታሪክ

መግቢያ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው የአማርኛ ምሳሌ የተነገረው አንደበትን ስለ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የሕክምና ታሪክን ለሚከታተል ሰው ምሳሌው ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛው፣ የእግር ወለምታ ከጥንት ጀምሮ በቅቤ ይታሽ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ የእግር ወለምታን መድኃኒቱ ከጓዳ የሚገኝ፣ ከአፍ ስሕተት ጋር ሲነጻጸር እጅግ የቀለለ ጉዳት አድርጎ ይመለከተው እንደነበረ ነው።

ይህ ግምት በአብዛኛው ትክክል ነው። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሆኖም «ወለምታ ነው» ተብሎ በታለፈ እግር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የአጥንት ስብራት ተደብቆ ይገኛል። አንዳንዱ እግር ከመጠን በላይ ጠብቆ በመታሠሩ ደም አጥቶ ለመቆረጥ ይዳረጋል። ዳኑ ከሚባሉትም መካከል ጥቂት የማይባሉት ደጋግሞ ወለም የሚል እግር ይዘው ይኖራሉ። ከበሬ ኋላ ለሚውል፣ ከብት ለሚጠብቅና ገበያ በእግሩ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሰሜን ወሎ፣ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ የምትገኘው ሐራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ሐራ የምትገኘው በወሎ ተራሮች ግርጌ፣ ምድሩ ወደ አፋር ሜዳ ዝቅ እያለ በሚሄድበት ቆላማ ስፍራ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ መዳረሻ እንድትሆን የተመረጠች በመሆኗ ስሟ በሀገሪቱ ዘንድ ይበልጥ ታውቋል። የአካባቢው ሕዝብ ኑሮ ግን ዛሬም በአብዛኛው በእግር ጉዞ ላይ የተመሠረተ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ እግሩ ወለም ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ራጅ ተነሣህ ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ወጌሻ አየህ ወይ?» ተብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ወጌሻውና ዘመናዊው ሐኪም ይህንን ጉዳት በየዘመኑ እንዴት እንደተመለከቱት መመርመርና ከሁለቱም ታሪክ ለዛሬ የሚጠቅመውን ለይቶ ማሳየት ነው።

የጉዳቱ ምንነትና መንስኤ

አማርኛ «ጅማት» የሚለውን ቃል ጡንቻን ከአጥንት ጋር ለሚያያይዘውም፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር ለሚያያይዘውም ይጠቀምበታል። ወለምታ የሚጎዳው ሁለተኛውን ነው። የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ የሚሠራው ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ታለስ የተባለውን አጥንት እንደ ጉጠት ከግራና ከቀኝ ሲይዙት ነው። በውጨኛው ጎን ሦስት ጅማቶች ይገኛሉ፤ አንዱ በፊት በኩል፣ አንዱ በመካከል፣ አንዱ በኋላ በኩል። በውስጠኛው ጎን ያለው ጅማት ሰፊና ብርቱ ነው። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች እርስ በርስ የሚያስተሳስር ሌላ ጅማት አለ።

ሰው ቁልቁለት ሲወርድ፣ ከድንጋይ ላይ ሲዘል ወይም ኳስ ለመምታት ተነሥቶ ሲያርፍ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች ያዘነብላሉ። በዚህ አኳኋን መገጣጠሚያው በአጥንት የሚያገኘው ድጋፍ ይቀንሳል። በዚያች ቅጽበት መርገጫው ወደ ውስጥ ከታጠፈ የሰውነት ክብደት በሙሉ በውጨኛው ጎን፣ በተለይም በፊተኛው ጅማት ላይ ይወድቃል። ጅማቱ ሊለጠጥ፣ በከፊል ሊቀደድ ወይም ጨርሶ ሊበጠስ ይችላል። ሐኪሞች ጉዳቱን በሦስት ደረጃ የሚከፍሉት ከዚህ በመነሣት ነው። ስዊድናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ብሮስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ባሳተማቸው ተከታታይ ጥናቶች፣ ወለም ያሉ ቁርጭምጭሚቶችን በቀዶ ሕክምና ከፍቶ በመመልከት፣ ከተበጠሱት መካከል በሁለት ሦስተኛ ገደማ የተበጠሰው የፊተኛው ጅማት ብቻ እንደሆነ አሳይቷል።

የወጌሻ እጅ

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት ስብራትን፣ ውልቃትንና ወለምታን ሲያክም የኖረው ወጌሻ ነው። ሙያው በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ሀገሪቱ ባህላዊ ሕክምናና ቀዶ ጥገና ታሪክ ጥናት ማሳተሙ፣ የሙያው ጥንታዊነት በሐኪሞች ዘንድ ቀደም ብሎ ትኩረት እንዳገኘ ያመለክታል።

የወጌሻ ዋና መሣሪያ እጁ ነው። ያበጠውን ቁርጭምጭሚት በጣቱ ይዳስሳል፤ የሚያመውን ቦታ ይፈልጋል፤ አጥንቱ ተሰብሯል፣ ወልቋል ወይስ ወለም ብሏል የሚለውን በዳሰሳ ለመለየት ይሞክራል። ወለምታ ነው ብሎ ካመነ በቅቤ ያሻል፤ እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ በጨርቅ ያስራል። ስብራት ነው ካለ በሸንበቆ ወይም በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፎ ያስራል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ጠቃሚም ጎጂም ነገር አለ። ጠቃሚው፣ ወጌሻው ወለም ያለውን እግር ለወራት አለማሰሩና ሰውየው ቶሎ እንዲንቀሳቀስ መፍቀዱ ነው። ጎጂው ሁለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚደረግ ጠንካራ እሽት አዲስ የተቀደደውን ሥጋ ይበልጥ ያደማል፤ እብጠቱንም ያብሳል፤ ሥሩ ስብራት ካለ ደግሞ አጥንቱን ከቦታው ያንሸራትታል። ከዚህ የሚከፋው አጥብቆ ማሠር ነው። እብጠት የሚጨምረው ከታሠረ በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት ልክ የነበረው ማሠሪያ ማታ የደም ሥርን ሊዘጋ ይችላል። ውጤቱም ጋንግሪን ነው።

ይህ አደጋ በወጌሻ ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም። በሂፖክራጥስ ስም የሚታወቀው ስለ ስብራት የተጻፈው የግሪክ መጽሐፍ ሰው ከከፍታ ዘሎ ተረከዙን ሲጎዳ እግሩ እንዴት እንደሚታሠር ካስረዳ በኋላ ተረከዙ እንዳይጠቁር ያስጠነቅቃል። በሆስፒታል የታሰረ ጄሶም ቢሆን ከጠበቀ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ልዩነቱ በሆስፒታል የሚከታተል መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የብሪታኒያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ትልቅ ትምህርት የሰጠው በዚህ ረገድ ነው። ጥናቱ ወጌሾችን ከማሳደድ ይልቅ አጭር ሥልጠና መስጠት፣ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮችን ቁጥር እንደቀነሰ አሳይቷል።

ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ፦ ራጅና ጄሶ

በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን አጥንትን ከሥጋ ለይቶ የሚያሳየውን ጨረር አገኘ። በየካቲት ወር የዓድዋ ጦርነት ተካሄደ። ከጦርነቱም በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ቁስለኞችን ለማከም ወደ አዲስ አበባ መጣ። ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መመሥረት መንገድ ከጠረጉት ሁኔታዎች አንዱም የዚህ ልዑክ ሥራ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሥራ ጀመረ። በዚህ ሂደት የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉዳት ቀስ በቀስ ከወጌሻ ደጃፍ ወደ ጤና ተቋም መምጣት ጀመረ።

ዘመናዊው ሐኪም ከወጌሻው የተለየ ሁለት ነገር ነበረው፤ ራጅና ጄሶ። ከራጅ በፊት በነበረው ዘመን ስብራትንና የጅማት መበጠስን መለየት በአውሮፓም አስቸጋሪ ነበር። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጨረሻ የቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ስብራትና የውስጠኛው ጅማት መቀደድ አብረው ሊደርሱ እንደሚችሉ የገለጸው በዓይኑና በእጁ ብቻ ተመርቶ ነው። ራጅ ሲመጣ ይህ ችግር የተፈታ መሰለ። ራጅ ግን አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» የተባለ ሰው ጅማቱ ተበጥሶ እያለ «ምንም የለህም» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ጄሶ ደግሞ በ1850ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ የጦር ሐኪም ማታይሰን በፋሻ ላይ ነስንሶ ከተጠቀመበት በኋላ በዓለም ተስፋፋ። ለስብራት የሰጠው ጥቅም ታላቅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ብዙ ሐኪሞች የተበጠሰ ጅማትንም እንደ ስብራት ቆጥረው ለሳምንታት በጄሶ ማሰር ጀመሩ። ሌሎች ደግሞ አዲስ የተበጠሰውን ጅማት ሁሉ በቀዶ ሕክምና ይሰፉ ነበር። ጄሶው ሲፈታ ባቱ መንምኖ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ ይገኝ ነበር። ወጌሻው አብዝቶ በማንቀሳቀስና በማሸት ተሳስቶ ከነበረ፣ ዘመናዊው ሐኪም ደግሞ አብዝቶ በማሰር ተሳስቷል ማለት ነው።

ሐሳብ የተለወጠበት ዘመን

የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። እንግሊዛዊው ፍሪማንና ባልደረቦቹ ጅማት ሁለት አጥንቶችን የሚያስር ገመድ ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ። በጅማቱ ውስጥ የመገጣጠሚያውን አቀማመጥ ለአእምሮ የሚነግሩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ጅማቱ ሲቀደድ እነዚህም ይጎዳሉ። ሰውየው እግሩ እየታጠፈ መሆኑን በጊዜው ስለማያውቅ ደግሞ ወለም ይለዋል። ፍሪማን ያቀረበው መፍትሔ ሚዛን መጠበቅን የሚያስተምር ልምምድ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህንን አጽንተዋል። የመጀመሪያ ወለምታ ከደረሰባቸው 10 ሰዎች እስከ 4ቱ ከዓመት በኋላም የመክዳት ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል መታወቁ የልምምዱን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ካኑስና ሬንስትሮም የተባሉ ሐኪሞች እስከዚያ የታተሙትን ጥናቶች መርምረው፣ ጅማቱ ጨርሶ ለተበጠሰም ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚመረጠው ድጋፍ አድርጎ ቶሎ ማንቀሳቀስ እንደሆነ ደመደሙ። ቀዶ ሕክምና ልምምድ ተደርጎም ለሚከዳ እግር የሚቆይ አማራጭ ሆነ። ይህ ማለት ግን ጄሶ ጨርሶ ተሻረ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሪታኒያ 584 ከባድ ወለምታ የደረሰባቸውን ሰዎች ያሳተፈ ጥናት ለ10 ቀን ብቻ የታሰረ አጭር ጄሶ ከተራ የሚለጠጥ ፋሻ የተሻለ ማገገም እንዳስገኘ፣ ከ9 ወር በኋላ ግን ልዩነቱ እንደጠፋ አሳይቷል። ቁም ነገሩ የጊዜው ማጠር ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታውም እንዲሁ ተለውጧል። አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 ዕረፍትን፣ በረዶን፣ ፋሻንና እግርን ከፍ ማድረግን በአንድነት መክሮ ምክሩ ዓለምን አዳረሰ። ይኸው ሐኪም ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ በረዶና ፍጹም ዕረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፎ የቀድሞ ምክሩን አሻሻለ። ዛሬ ቅዝቃዜ ሕመምን ለማስታገስ ለአጭር ጊዜ ይፈቀዳል እንጂ ጅማትን ያድናል ተብሎ አይታዘዝም። በረዶ ለማይገኝበት ለሐራ ሰው ይህ የሚያጽናና ነው፤ ያጣው ዋናውን መድኃኒት አይደለምና።

አራት እርምጃ

በምርመራ በኩል ትልቁ ለውጥ የመጣው ከካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢያን ስቲልና ባልደረቦቹ በኦታዋ ከተማ ራጅ የሚያስፈልገውን ወለምታ ከማያስፈልገው የሚለይ ደንብ አወጡ። መነሻቸው ቁርጭምጭሚታቸውን ተጎድተው ከሚመጡት መካከል ስብራት የሚገኝባቸው ከ100 ሰዎች 15 እንኳ የማይሞሉ ሆነው ሳለ ሁሉም ማለት ይቻላል ራጅ ይነሡ የነበረ መሆኑ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ሰው ራጅ የሚያስፈልገው ከሚከተሉት አንዱ ሲገኝበት ነው። አንደኛ፣ የውጨኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ጫፍ ወይም ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለው የኋላ ጠርዙ በጣት ሲጫኑት አጥንቱን ካመመው፤ ሁለተኛ፣ የውስጠኛው ጉብታ በተመሳሳይ ቦታ ካመመው፤ ሦስተኛ፣ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜም ሆነ በምርመራው ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ። እያነከሰም ቢሆን ከተራመደ እንደተራመደ ይቆጠራል። ሕመሙ ወደ መሐል እግር ከሆነ ደግሞ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ የሚዘልቀው አጥንት መነሻና በእግር ውስጠኛ ጎን መካከል ያለው አጥንት ይዳሰሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ 27 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ደንቡ ስብራትን ሳያገኝ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ጊዜ እንደሆነና የራጅን ብዛት ከ30 እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ደንቡ የማይሠራባቸው ሰዎችም አሉ። ሕፃናት፣ የሰከረ ሰው፣ ሌላ ከባድ ጉዳት ያለበት፣ እንዲሁም በስኳር ሕመም ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሕመሙን በትክክል ሊናገር ስለማይችል በደንቡ ብቻ መወሰን አይገባም።

የጅማቱን መበጠስ ለማወቅም የተራቀቀ መሣሪያ ሁልጊዜ አያስፈልግም። የኔዘርላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያው ቀን እብጠቱና ሕመሙ ምርመራውን ያደናቅፋሉ፤ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ግን የሐኪሙ እጅ ጅማቱ መበጠሱን በአብዛኛው ያውቃል። ቅልጥሙን በአንድ እጅ ይዞ ተረከዙን ወደ ፊት ሲስቡት ከጤነኛው እግር ይልቅ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ፊተኛው ጅማት የሚገኝበት ቦታም ካመመና ከበለዘ፣ ጅማቱ ሳይበጠስ አይቀርም።

በዚህ መንገድ፣ ከአንድ ክፍለ ዘመን የመሣሪያ ዘመን በኋላ ሕክምናው ወደ ጣት ዳሰሳ ተመልሷል። ልዩነቱ ጣቱ የት እንደሚያርፍና ዳሰሳው ምን ያህል እንደሚታመን አሁን በጥናት መታወቁ ነው።

ለሐራና መሰል አካባቢዎች የሚሰጠው ትርጉም

ይህ ታሪክ ለሰሜን ወሎ የተለየ ክብደት አለው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በነበረው ጦርነት የወልድያ ሆስፒታልን ጨምሮ የአካባቢው ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋልም። መሣሪያ ሲጠፋ የሚቀረው የባለሙያው እጅና ዕውቀት ነው። አራት እርምጃ ለማስራመድና ሁለት ጉብታዎችን ለመዳሰስ መብራትም ፊልምም አያስፈልግም። ራጅ የሚያስፈልገውን ለይቶ ወደ ሆስፒታል መላክ፣ የማያስፈልገውን ደግሞ ከከንቱ ጉዞና ወጪ ማዳን በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚችል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የወጌሻው ነው። በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ቡድኖች የተጫዋቾችን ጉዳት የሚከታተለው ባለሙያ እስከ ዛሬ የሚጠራው «ወጌሻ» ተብሎ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የወልድያ ስታዲየምም ቢሆን ተጫዋች ሲወድቅ ሜዳ የሚገባው «ወጌሻ» ነው። ቃሉ ከባህላዊው ወደ ዘመናዊው ያለ ጠብ ከተሻገረ፣ ሙያተኞቹም ሊነጋገሩ የማይችሉበት ምክንያት የለም። ወጌሻው ሊያውቃቸው የሚገቡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አራት እርምጃ የማይራመደውን ወይም አጥንቱን ሲጫኑት የሚያመውን አለማሸትና ወደ ጤና ተቋም መላክ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል አለማሸት፤ አጥብቆ አለማሠር፤ የታሠረ እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየጨመረ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መፍታትና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውሰድ።

ስብራት የሌለበት ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በሚለጠጥ ፋሻ በልኩ መደገፍ፣ ሕመሙ እንደፈቀደለትም በምርኩዝ መርገጥ መጀመር ይኖርበታል። እብጠቱ ሲቀንስ መገጣጠሚያውን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ቀጥሎም ግድግዳ ይዞ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም፣ ከዚያም ሳይይዝ መቆም ይለማመዳል። ይህ የመጨረሻው ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ሕመሙ የጠፋለት እረኛም ሆነ ኳስ ተጫዋች የዳነ መስሎት ይተወዋል። ደጋግሞ ወለም የሚለውን እግር የሚያፈራው ግን በአብዛኛው ይህ መዘንጋት ነው።

ማጠቃለያ

የቁርጭምጭሚት ጅማት ጉዳት ታሪክ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ያወቀበት፣ ሌላው ሁልጊዜ የሳተበት ታሪክ አይደለም። ወጌሻው ማንቀሳቀስን ሲያውቅ ልክ ማበጀትን ሳተ፤ ዘመናዊው ሐኪም ስብራትን መለየት ሲችል ጅማትን እንደ አጥንት አስሮ ቆየ። ሁለቱም የተማሩት ከተጎዱት ሰዎች እግር ነው። ዛሬ በእርግጠኝነት የሚታወቀው አጭርና ለማስተማር የቀለለ ነው፤ አጥንቱን ዳስስ፣ አራት እርምጃ አስራምድ፣ አጥብቀህ አትሠር፣ ቶሎ አንቀሳቅስ፣ በአንድ እግር መቆምን አስለምድ። ይህ ዕውቀት ከመማሪያ ክፍልና ከመጽሔት ወጥቶ በሐራ ገበያ ላለው ወጌሻና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሲደርስ፣ የእግር ወለምታ ምሳሌው እንደገመተው ቀላል ጉዳት ሆኖ ሊቀር ይችላል።